የማያንቀላፋው ክፍል

ቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ የድሮ ጎረቤቴን፣ የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ የነበሩትን አቶ ወልደየሱስን አገኘኋቸው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ በተነን እንጂ ድሮ ፋብሪካው ሰፈር ሳለን ሁላችንንም የሚቀሰቅሰን አንድ ጡሩምባ ነበር። ያ ጊዜ ዛሬም ይናፍቀኛል። አጠገባቸው ሃዊ ቆማለች፤ ያኔ የበር ለበር ጎረቤታችን የነበረው የቡልቻ ልጅ፣ ዛሬ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ። ሁለቱ ተኮራርፈዋል።

«መምህር፣ እስቲ ይፍረዱን» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአቶ ወልደየሱስ ባለቤት ወይዘሮ አደሴ ልባቸውን ያማቸዋል። ሃዊ የልብ ምታቸው ሲዛባ የሚጮህ፣ ደረት ላይ የሚለጠፍ መሣሪያ ሠርታላቸዋለች። ባትሪው ግን ቶሎ ስለሚያልቅ ከሶኬት አይርቁም። የዛሬ ሳምንት ደግሞ የሳሪስ አቦ ንግሥ ነው፤ የተጋቡበት ደብር። ከታመሙ ወዲህ አልረገጡትም።

«ውስጡ ያለው ቺፕ ከተሠራ በኋላም አሠራሩ እንደ አዲስ ሊቀየር ይችላል» አለች ሃዊ። «ሥራ የሌላቸው ክፍሎች እንዲያንቀላፉ ላስተካክለው ብል አባባ አልሰጥም አሉኝ።»

«አልሰጥማ» አሉ አቶ ወልደየሱስ። «በእኛ ጊዜ ማሽን አይጠፋም። ፈትል ባይኖር እንኳ ይሽከረከራል። ዝም ያለው ፋብሪካውን የዘጉብን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ዝም ያለ ነገር አላምንም።»

እውነታቸውን ነው። ያን ዝምታ እኔም አልረሳውም፤ ሰፈሩ ሁሉ ለቅሶ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ቢሆንም ትዝታ ሌላ፣ የሰው ጤና ሌላ ነውና አላባበልኳቸውም።

«ባዶውን ሲሽከረከር ኤሌክትሪክ አይበላም ነበር?» አልኳቸው።

«ይበላል እንጂ። ይግላልም።»

«ቺፑም እንደዚያው ነው» አለች ሃዊ ቀበል አድርጋ። «ውስጡ ሁሉንም ክፍል ‹ሥራ፣ ሥራ› እያለ የሚቀሰቅስ ሰዓት አለው። ሥራ የሌለውም ክፍል በከንቱ ይንቀሳቀሳል፤ ባትሪውን የሚጨርሰው ይኼ ነው። እኔ የሰዓቱ ምት ወደ ሥራ ፈቶቹ እንዳይደርስ አደርጋለሁ።»

«አደሴ ስትደክም ታዲያ ማን ይቀሰቅሳቸዋል?»

«ልባቸውን የሚያዳምጠው ክፍል ለአፍታም አይተኛም፣ አባባ። የሚተኙት ስክሪኑን የሚያበራውና ወደ ስልክ መልእክት የሚልከው ናቸው። አዳማጩ ችግር ሲሰማ ወዲያው ያስነሳቸዋል። እስከ ንግሡ ድረስም አዲሱንና አሮጌውን አሠራር በሁለት መሣሪያ ጎን ለጎን እንሞክራቸው። አሮጌው የሰማውን አዲሱ ካልሰማ ይጣል።»

ታክሲ መጣ፤ አቶ ወልደየሱስ ግን አልገቡም። ተራቸውን ለኋላቸው ሰው ለቀቁ።

«ትናንት አደሴ የክት ቀሚሷን ከሣጥን አወጣችና አይታ አይታ መልሳ አጠፈችው» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዲህ ሞክሪው፣ ልጄ።»

ተሞከረ፤ አዲሱን አንዲት ምት እንኳ አላመለጠችውም። በንግሡ ዕለት አብረን ሄድን። ታቦቱ ዞሮ ሲገባ መሣሪያው አልጋለም፤ ባትሪውም ገና ብዙ ነበረው። ኃይል መቆጠብ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፦ ባትሪ ይበረክታል፣ ዕቃ ዕድሜ ያገኛል፣ የታመመም ሰው ከግድግዳ ይፈታል። አቶ ወልደየሱስም ይህን በዓይናቸው አይተው አምነዋል፤ ልማድ ሆኖባቸው ግን ባለቤታቸውን «ባትሪው ሳያልቅ እንሂድ» አሏቸው።

ወይዘሮ አደሴ ነጠላቸውን አስተካክለው የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

«ከቸኮልክ ሂድ» አሏቸው። «እኔ ገና መምጣቴ ነው።»