ለምርመራ የተዘጋጀ ደም

ከሓወልቲ ወደ ዓይደር ሆስፒታል በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ያሉት አንዲት እናትና ከወሎ የመጣ የላቦራቶሪ ተማሪ ነበሩ።

«አደይ፣ ለሕክምና ነው?»

«ለደም ምርመራ ነው፣ ወደይ። ለልቤ ደም የሚያቀጥን ኪኒን እወስዳለሁ፤ መጠኑ ልክ መሆኑን በደሜ ያዩታል።»

«ጎመን ያበዛሉ?»

«በጾም ሐምሊ ካልበላሁ ምን ልበላ?»

«ጎመን ሲበዛ እኮ የኪኒኑን ኃይል ያዳክማል።»

«ሐኪሟም ነግራኛለች። ስለዚህ ምርመራ ሲደርስ አንድ ሳምንት ሙሉ ሐምሊ አልቀምስም። ውጤቴ ሁሌ ጥሩ ነው!»

«ከምርመራው በኋላስ?»

«ዛሬ ለምሳ ሐምሊ አለኝ።»

«አደይ! እነሱ የሚያዩት ያቺን አንድ ሳምንት ብቻ ነዋ! በሌላው ጊዜ ደምዎ ቢረጋስ?»

«ወይ ጉድ! ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እንደወትሮዎ እየበሉ ይመርመሩ፤ ኪኒኑን በዚያ ልክ ያስተካክሉልዎታል። ዛሬውኑ ለሐኪሟ ይንገሯት።»

«ባለፈው “ጎበዝ” ብላ ጨብጣኛለች፤ አሁን እንዴት ብዬ ላሳፍራት?»

ነገ ክፍሌን ለሚጎበኘው ሱፐርቫይዘር ብዬ ከተማሪዎቼ ጋር ሁለት ጊዜ የተለማመድኩትን ትምህርት አስቤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።