ባለ ሁለት ወንበሯ ቀይ መኪና

ይህን የነገረችኝ ነቬ ኢታማር የሚባል ሰፈር ስንኖር ጎረቤቴ የነበረችው ዘውዲቱ ናት፤ ከበረንዳዬ ያየሁትን እኔ ጨምሬበታለሁ። ልጇ ደሳለኝ ባለ ሁለት ወንበር ቀይ ስፖርት መኪና ነበረችው። «ጎማና ጭስ ማውጫዋን ላስቀይር ወይስ ሸጬ አዲሷን ልግዛ?» እያለ ያገኘውን ሁሉ ያማክራል። በዚህ መሃል ቃዲማ የምትባል ሌላ ከተማ ያለች ልጅ ወደደና ሽማግሌ ላከ። መኪናዋ በአንድ ጊዜ የምትጭነው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው፤ እያጓራች ስትመላለስ ዋለች። ድምጿ እስካሁን ይናፍቀኛል።

ከሽማግሌዎቹ ፊት የደረሱት አባ ተገኘ ጓደኞቻቸው ሳይመጡ አይገቡም፤ ደጅ ቆሙ። የልጅቱ አባት ምክንያቱን ሲሰማ፣ «ልጄንስ የት ሊያስቀምጣት ነው?» አለ።

«እሷንማ ከጎኑ ነው፤ የምትቀረው አንተ ነህ» አሉት።

አባትየው ሳቁ አመለጠው። «እንግዲያው አማቶቹንም የምትጭን ይግዛ፤ ልጄን ያኔ እሰጠዋለሁ።»

ደሳለኝ ቀይዋን ሸጦ ሰፊ መኪና ገዛ። ልጅቱን አግብቶ አራት ወልደዋል። አባ ተገኘ አርፈዋል።