የባለሦስት ጆሮዋ አራት ሰከንዶች

ልትቀብሩ የመጣችሁ ወገኖች፣ ዛሬ አፈር የምናለብሳቸው እኅታችን ይህን ታሪካቸውን በሕመም አልጋ ላይ ሳሉ ለልጃቸው እየነገሩ ያስጻፉት ራሳቸው ናቸውና፣ አንዳንዱ ቃል ሬሳ ፊት የማይነበብ ቢመስላችሁ እንኳ አንዲት ፊደል እንዳትቀነስ አደራ ብለዋል።

ሟች ከበያጅ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ከሦስት ዓመት በኋላ የተከተላቸውን ብቸኛ ወንድማቸውን እንደ ዓይን ብሌናቸው እየጠበቁ ያደጉ ሲሆን፣ ገና በስምንት ዓመታቸው ወንድማቸውን በጥፊ የመታውን ጎረምሳ ሁለት የፊት ጥርሶች በድንጋይ አውልቀው ከትምህርት ቤት ተባረሩ። አባታቸውም ጥርሶቹን በጋዜጣ ጠቅልለው ለልጁ ወላጆች መልሰው፣ ልጃቸውን ሳይቆጡ ወደ ብየዳቸው እንደተመለሱ በቤተሰቡ ዘንድ እየተሳቀ ይወራል።

ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀው የሬዲዮ ጥገና ከተማሩ በኋላ በአደጋ ጥሪ ክፍል ተቀጠሩ። በዚያ ክፍል አንድ ጠረጴዛ ላይ የእሳት አደጋ፣ የአምቡላንስና የፖሊስ ሦስት ሬዲዮዎች ተደርድረው ነበር፤ እያንዳንዳቸው ከየፋብሪካቸው የመጡ፣ አንዱ የሌላውን የማይሰማ ስለነበሩ፣ ሟች ከአንዱ የሰሙትን በሌላው ላይ እየደገሙ ሲያገናኙ ይውሉ ነበርና ባልደረቦቻቸው “ባለሦስት ጆሮዋ” አሏቸው። ፊታቸውን ሳያዩ ሁለት ዓመት በድምፅ ብቻ ያወቋቸውን የአምቡላንስ ሾፌር አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ወንድማቸውም አድገው እሳት አደጋ ተከላካይ ሆኑ።

ዘራፊዎች የቀለም መጋዘን ሰብረው ገብተው ከፖሊስ ጋር በተታኮሱበት ቀትር፣ የፖሊሱ ሬዲዮ ከጠረጴዛው ላይ አልነበረም፤ የፖሊስ ምስጢር በእሳት አጥፊ ጆሮ አይገባም ብሎ የፖሊስ አዛዡ በዋዜማው አስወስዶት ነበር። መጋዘኑ በእሳት ሲያያዝ ፖሊሶቹ በጀርባ በር በኩል ዘራፊዎቹ ከቤንዚን በርሜሎች ኋላ መሽገዋል የሚለውን ማስጠንቀቂያ ሦስት ጊዜ አስተላለፉ፤ አርባ ፖሊስ ሰማው፣ አንድም የእሳት አደጋ ሠራተኛ አልሰማውም። ባለሦስት ጆሮዋ በእሳት አደጋው ሬዲዮ የሰሙት፣ ወንድማቸው “በሩን እየከፈትን ነው” ሲሉ፣ ቀጥሎም ጥይት፣ ቀጥሎም ፍንዳታውን ነው። አራት ሰዎች ተቃጠሉ፤ የወንድማቸው አስከሬን የታወቀው በቀበቶአቸው ብረት ነበር። መርማሪዎች “የቴክኒክ ብልሽት” ብለው ጽፈው መዝገቡን ዘጉ።

ከቀብሩ ማግስት ሟች አዛዡ ቢሮ ገብተው የገዛ ሬዲዮውን ከጠረጴዛው አንሥተው ፊቱን መቱት፤ አፍንጫውን ሰበሩ፣ እስኪይዟቸውም ድረስ አላቆሙም። ስድስት ወር ታሰሩ። በዚህ አልተጸጸቱም፤ እንዳይዘለልም አዘዋል።

ከእስር ወጥተው በብዙ ደጅ ጥናት ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ቁጣቸውን ወደ ሌላ መንገድ አዞሩት። ሦስቱም መሥሪያ ቤቶች አንድ ዓይነት የዲጂታል ሬዲዮ ደረጃ እንዲቀበሉ፣ ማለትም ዕቃውን ማንም ፋብሪካ ይሥራው፣ በአንድ ሕግ የሚነጋገርና የሚደማመጥ እንዲሆን ዐሥራ ሁለት ዓመት ወተወቱ። አንድ ልብ መካሪ፣ አንድ ቃል ተናጋሪ እያሉ በየስብሰባው ቢነሡም፣ አለቆቹ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ፤ ከሁሉ የከፋው ተቃዋሚ ያው አፍንጫው የተጣመመው አዛዥ ነበር። በመጨረሻ ደረጃው ጸደቀ፤ አዛዡም ሳይወድ በግዱ አዲሱን ሬዲዮ ወገቡ ላይ ታጠቀ።

በሦስተኛው ወር ወኅኒ ቤት ውስጥ አመፅ ተነሣ። እስረኞች አመፁን ሊያበርድ የገባውን አዛዥ በተሳለ ብረት ሆዱን ወግተው፣ በብረት ዘንግ እግሩን ሰብረው ከማድ ቤቱ ጥግ ጣሉት፤ እርሱም አንጀቱን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ቀዩን የአደጋ ቁልፍ ተጭኖ ድረሱልኝ አለ። የመለሰለት አልነበረም። ሟች ድምፁን አውቀውት ነበር።

አዲሱ ሬዲዮ ሁሉን በሰከንድ ይመዘግባልና ዝምታው ተለካ፤ አራት ሰከንድ ነበር። ባልደረቦቻቸው ይህች ምን አላት ቢሏቸውም ሟች እንዲህ ብለው አስጽፈዋል፦ “የወንድሜ ድምፅ መጣብኝ፤ ዝም ልበልና ይሙት አልሁ። በአራተኛው ሰከንድ እጄ ከልቤ ቀድሞ ቁልፉን ተጫነ። ወንድሜን የገደለው አለመሰማት ነበር፤ እኔም እየሰማሁ ያንኑ ልሠራ ነበር።” ከዚያ በኋላ ቁስሉን ተጫነው፣ እንዳትተኛብኝ እያሉ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሳያቋርጡ አናገሩት፤ ባለቤታቸውም መስታወቱ በድንጋይ በረገፈ አምቡላንስ በድብደባው መሐል አልፈው ከነነፍሱ አወጡት።

ሟች ጡረታ ከወጡ በኋላ በሳንባ ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጧት በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ይህንንም ጽሑፍ ማን ያንብበው ተብለው ሲጠየቁ፣ አዛዡን ጥሩት አሉ።

አዛዡ ይኸው እፊታችሁ ቆሞ የሚያነበው ሰው ነው።

በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ አንድ ነገር ልጨምር። የቴክኒክ ብልሽት አልነበረም፤ ወረቀቱ እንዳለው ያን ሬዲዮ ከጠረጴዛቸው ያስወሰድሁት እኔ ነኝ፤ ለመርማሪዎቹ ግን ተበላሽቶ ነው ብዬ የዋሸሁትም እኔው ነኝ። እርሳቸው አራት ሰከንዳቸውን ሲናዘዙ፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም ብያለሁ።

ሟች ውድ ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ እዚህ ከፊት የተቀመጡትን የወንድማቸውን ሚስት፣ በድምፃቸውም ከሞት ተርፎ እስከ ዛሬ የቆየ አንድ በዳያቸውን ትተው ሄደዋል። የሁሉን ጩኸት የሚሰማ አምላክ አራት ሰከንድ እንኳ ሳያስጠብቅ ነፍሳቸውን ከወንድማቸው አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።