ትንፋሽ የማይፈጅ ጥሪ

ባሕር ዳር ውስጥ ከግሽ አባይ ሰፈር በተነሣው ታክሲ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና ወረቀት የያዘች ወጣት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ጠየቋት።

«ምንድን ነው የምታጠኚው፣ ልጄ?»

«በአየር ስለሚሄደው የስልክ ሞገድ ነው፣ አባባ። መመረቂያዬ ነው።»

«እኔ የማውቀው የጣና ሐይቅን ሞገድ ነው።»

«መልእክት መንገድ ላይ ይጣመማል። ስለዚህ ተቀባዩ አስቀድሞ የሚያውቀው ምልክት አብሮ ይላካል። ምልክቱ እንዴት እንደተጣመመ አይቶ ሌላውን ያቃናል።»

«ታዲያ ምልክቱን ደጋግሞ መላክ ነዋ።»

«ሲበዛ የመልእክቱን ቦታ ይሻማል። የኔ ጥናት ጥቂት ምልክት እንዴት ሊበቃ ይችላል የሚል ነው።»

«አባቴ ይችልበት ነበር።»

«እንዴት?»

«ሐይቁ መካከል፣ ደቅ ደሴት ነው ያደግሁት። በታንኳ ወጥቼ መረብ ስጥል ከዳር ይጣራል። መጀመሪያ ስሜን ነው። ነፋሱ ስሜን እንዴት እንደሰበረው ከሰማሁ የቀረውን እለየዋለሁ።»

«ስንት ጊዜ ይጠሩዎት ነበር?»

«አንዴ። ነፋሱ ሲቀየር ብቻ ይደግመዋል። ትንፋሹ ለወሬው እንዲተርፍ።»

«እኔ እኮ ሁለት ዓመት የፈለግኩት ይሄንን ነው።»

«በኋላ ደረቱን ታመመ። ለመጨረሻ ጊዜ ሲጠራኝ ትንፋሹ ከስሜ አላለፈም።»

«ታዲያ መልእክቱን እንዴት አወቁት?»

«ያን ቀን ነፋስ አልነበረም። ስሜ ግን ተሰብሮ መጣ። ቀዝፌ ደረስሁበት፤ እጄን ይዞ ነው ያረፈው።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ በቤት ስሜ የሚጠራኝ ሰው ማን እንደቀረኝ አሰብሁ።