ለጉና ዳገት የሚሆን ትንፋሽ

ባለፈው ጥቅምት ጉና ግርጌ ለቅሶ ለመድረስ ከደብረ ታቦር ወጣሁ። መንገድ ዳር ቆሜ ስጠብቅ ገበያተኛ የጫነች አሮጌ ፒክአፕ አጠገቤ ቆመች። ሾፌሩ ጋሽ ካሴ፣ የማስተምር መሆኔን ሲያውቁ፣ ከፊት ጋቢና ውስጥ ቦታ አስለቀቁልኝ። በመካከላችን የተቀመጠችው ሠናይት የወንድማቸው ልጅ ነበረች። ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ተመልሳ የአውቶ መካኒክነት ተምራለች፤ መኪናዋንም ከአጎቷ ጋር በጋራ ገዝታለች። ከከተማው ሳንርቅ ይህን ሁሉ ነገሩኝ።

ትልቁ ዳገት ላይ ስንደርስ መኪናዋ አቃሰተች፤ ጥቁር ጭስ ተፋች፤ መሄድ አቃታት። ጋሽ ካሴ ፍሬን ያዙና በመስኮት ጮኹ፤ “ውረዱ!”

ገበያተኛው ለምዶታልና ወረደ። ልጅ ያዘለች ጌጤ የምትባል ሴት ግን የጨው ከረጢቷን እያነሣች፣

“ጋሽ ካሴ፣ የከፈልነው ልንሳፈር ነው ወይስ መኪናዋን ልንሸኝ?” አለች። “በሚመጣው ገበያ የታምራት መኪና ላይ ነኝ፤ ቁርጡን ይወቁት!”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ካሴ አልሳቁም። መኪናዋ ጋቢና ውስጥ ያለነውን ሦስታችንን ብቻ ይዛ ዳገቱን ጨርሳ፣ ሞተሩ እስኪበርድና ሰዎቹ እስኪደርሱ ቆመች።

“መምህር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን፤” አሉ ጋሽ ካሴ ኮፈኑን ከፍተው። “ይህች ልጅ በላቧ ካመጣችው ገንዘብ የቀረው አንድ ዕቃ ያስገጥም እንደሆነ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የለም። እኔ ሱፐርቻርጀር እላለሁ፤ እሷ ቱርቦ ትላለች። ከተሳሳትን መኪናዋ ትቆማለች። መኪናዋ ከቆመች ደግሞ ሠናይት ተመልሳ መሰደዷ ነው።”

ስለ ሁለቱም ከስማቸው በቀር እንደማላውቅ ነገርኳቸው።

“ሥራቸውስ አንድ ነው፤” አለች ሠናይት። “አየር ጨምቀው ለሞተሩ ያጎርሱታል። ልዩነቱ ጉልበታቸውን የሚያገኙበት ነው። ሱፐርቻርጀሩን በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ፣ አስሮ የሚያዞረው ሞተሩ ራሱ ነው። ቱርቦው ግን የሚዞረው በጭሱ ነው፤ በማርሚታ፣ በጭስ መውጫው ቱቦ፣ ወጥቶ ሜዳ ላይ በሚቀረው ጭስ።”

“እኮ! በቺንጋ የታሰረ ነገር አምናለሁ፤ ሲበጠስ አይቼ እቀይረዋለሁ። በጭስ የሚዞር ነገር ምኑ ይታመናል? ደግሞ አንቺው አይደለሽም የነገርሽኝ? የአሠሪሽ ልጅ መኪና በሱፐርቻርጀር የአሸዋውን ክምር እንደ ፍየል ትወጣዋለች አላልሽም?”

“ብያለሁ ጋሼ፤ አልዋሸሁም። ነዳጁን እንደረገጠው ነው የምትፈተለከው። ቱርቦ እስኪነሣ ጥቂት ይዘገያል። ግን የዚያ ልጅ መኪና ቤንዚን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው፤ የምትጫወተውም ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። እኛ ያለነው ጉና ላይ ነው። እስቲ እርስዎ እዚህ ዳገት ላይ ቢሮጡ ትንፋሽ አያጥርዎትም?”

“እኔማ ሜዳውም ላይ ያጥረኛል።”

“ሞተሩም እንደ እርስዎ ነው።” እየሳቀች ቀጠለች። “ያ ጥቁር ጭስ ምንድን ነው? አየር አጥቶ በቅጡ ሳይነድ የወጣ ናፍጣ ነው። ታዲያ ትንፋሽ ባጠረው ሞተር ላይ ሌላ የሚያዞረው ሸክም እንጨምርበት? ሱፐርቻርጀሩ የሚሰጠው መጀመሪያ ከሞተሩ ወስዶ ነው። ከፍታው ሲጨምር የሚያጎርሰውም አየር እየሳሳ ይሄዳል። ቱርቦው ግን የተጣለ ጭስ ነው የሚሠራበት፤ አየሩ ሲሳሳ በፍጥነት እየዞረ ያካክሳል። ግፊቱን አብዝተን ሞተሩን ካላስጨነቅነው ይበቃናል። ቢበላሽ ባሕር ዳር ከተማ መለዋወጫም ባለሙያም አለ። የሱፐርቻርጀሩ ዕቃ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ግን መኪናችን ላይ ዶሮ ይሰፍርባታል።”

የተማረ ሰው ከታላቁ ጋር ሲከራከር ዕውቀቱን እንደ ዱላ ሲያነሣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይህች ልጅ ግን ድምፅዋን አንዴም ከፍ አላደረገችም።

ጋሽ ካሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ሁሉም እሺ። ግን ቱርቦ አንድ ጊዜ ጉድ ሠርቶኛል። የሰው የጭነት መኪና ስነዳ ተቃጠለብኝና ከሥራ ወጣሁ። የማይረባ ዕቃ ነው።”

ሠናይት ፊቷን ወደ ሸለቆው አዞረች። እኔ ግን ምንም ሳልጠረጥር፣ “እንዴት ነበር የሚነዱት?” አልኳቸው።

“እንዴትማ!” ደረታቸውን ነፉ። “ዳገቱን በሙሉ ጉልበት አስወጥቼ እገባና ገና እንደቆምኩ ቁልፉን እነቅላለሁ። ሞተር በከንቱ አስነሥቼ አላውቅም፤ የሰው ናፍጣ አላባክንም።”

ጋሽ ካሴ እኔንም ልጅቱንም አዩ።

“ምን ሆነሽ ነው ፊትሽን ያዞርሽው?”

“ምንም ጋሼ።”

“ምንም አይደለም። ተናገሪ።”

“ቱርቦ ከዳገት ሲደርስ እንደ ፍም ነው የሚሆነው፤” አለች በዝግታ። “የሚያበርደው ዘይት ነው፤ ዘይቱን የሚያመላልሰው ደግሞ ሞተሩ ነው። ሞተሩ በድንገት ሲጠፋ ዘይቱ እዚያው ቆሞ ያርራል። ከመጥፋቱ በፊት ጥቂት በለዘብታ ቢሠራ፣ ዘይቱም በወቅቱ ቢቀየር፣ ብዙ ዘመን ይኖራል።”

“እንግዲያ ያቃጠልኩት እኔው ነኛ።”

“የነገረዎት ሰው አልነበረም።”

“አንቺ መቼ አወቅሽ?”

“ትምህርት በጀመርኩ ጊዜ።”

“እና እስከ ዛሬ ዝም?”

“ምን ብዬ ልንገርዎት ጋሼ? ለሰውየው ናፍጣ ሲቆጥቡለት ነው እኮ ያባረረዎት።” እንባዋ ግጥም አለ።

ጋሽ ካሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። መጀመሪያ የተቆጡ መስለውኝ ነበር። ኋላ ግን ፈገግ አሉ፤ ከዚያም ልጅቱን ትከሻዋን ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቧት።

“አንቺ ሞኝ! ይህን ሁሉ ጊዜ እኔ እንዳላፍር ብለሽ ነው የራስሽን ገንዘብ ገደል ልትከቺ የነበረው? ቱርቦው ይገጠም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እጄ የሚሠራው የለመደውን ነው፤ ገና እንደቆመ ቁልፉን መንቀል ያምረዋል፤ እኔ ራሴ አላምነውም። ስለዚህ ለጊዜው መሪውን አንቺ ያዢ፤ እኔ ከጎንሽ ተቀምጬ ልማር።”

“እርስዎ ረዳት ሊሆኑ?”

“ረዳት ማን አለ? ተማሪ ነው ያልኩት!”

ጌጤ ይህን ጊዜ ከነልጇ እያለከለከች ደርሳ ነበር። “ሠናይት ልትነዳ ነው?” አለች። “እንዲያ ከሆነስ ታምራት ይቅርብኝ። ከፊት ነው የምቀመጠው ግን!”

ለተዝካሩ እንደገና ስወጣ መኪናዋን የምትነዳው ሠናይት ነበረች። ትልቁን ዳገት ማንም ሳይወርድ ወጣነው፤ እናቶች ከነልጆቻቸው፣ ድካም የሚያጠቃቸው ሽማግሌዎችም ከነሸክማቸው ተቀምጠው ደረሱ። ጥቁሩ ጭስ ሳስቷል፤ ዳገቱም ላይ ናፍጣ መባከኑ ቀርቷል። ይህን ያመጣው ብረቱ ብቻ አይደለም። ያው ብረት በቀድሞው አያያዝ ተገጥሞ ቢሆን ዓመት ሳይሞላው ባረረ ነበር። አዲስ መሣሪያ ስንገዛ አብሮት የሚመጣውንም ልማድ መቀበል አለብን፤ ለታላላቆቻችንም የምናውቀውን በአክብሮት መንገር ይገባናል እንጂ ለማክበር ብለን መደበቅ አይገባንም።

ስንደርስ ሰዉ ወርዶ እስኪያልቅ ሞተሩ በለዘብታ ይሠራ ነበር። ጋሽ ካሴ የገበያተኛውን ሸክም ሲያወርዱ ሠናይትን ለብቻዋ አገኘኋትና፣

“ተመልሶ መሰደዱስ እንዴት ሆነ?” አልኳት።

ጆሮዋን ወደ ሞተሩ አዘንብላ ድምፁን ታዳምጥ ነበር።

“ወዴት?” አለችኝ።