አጥራችን ቢሮ ገባ

ሚዛን ተፈሪ ከተማ የምሠራበትን ቢሮ ሳጸዳ፣ አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን ከአዲስ አበባ አንድ ተክል በሸክላ ይዘው መጡ። ቅጠሉ እንደ በቆሎ ረጅም ነው። ገና ሳየው አወቅኩት። «አደራ፣ ውኃ እንዳታጓድዪበት» አሉኝ። እኔ በልክ አጠጣለሁ፤ ችግሩ ስብሰባ ባለቀ ቁጥር ሁሉም ከብርጭቆው የተረፈውን ውኃ እዚያው ይደፋል። ሦስት ወር ሳይሞላው ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ግንዱም ከሥሩ በሰበሰ። ሥራ አስኪያጁ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ውኃ ነፍገሽ ገደልሽብኝ» አሉኝ።

እልህ ያዘኝ። ቢላዋ አመጣሁና ከበሰበሰው በላይ፣ ጤነኛው ላይ ቆረጥኩት። «አንቺ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሸዋ ቤንች ያለው የአባቴ ቤት አጥር ነው» አልኳቸው። «ቆርጠን መሬት ላይ እንሰካዋለን፤ ውኃ የሚያጠጣውም የለም፤ ራሱ ይበቅላል።» ሰው ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ቁራጩን ጥላ ውስጥ ጥቂት ቀን አሰንብቼ፣ የጨቀየውን አፈር ደፍቼ በአዲስ አፈር ተከልኩት። ሸክላው ላይም «ውኃ መድፋት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጠፍኩበት።

ክረምቱ ሳይወጣ ከግንዱ ጎን ሁለት ቀንበጥ ብቅ አለ። ሥራ አስኪያጁ በጣታቸው ነካ አድርገውት ወጡ። በማግሥቱ ጠዋት ስገባ፣ መጥረጊያዬን የማስቀምጥባት ክፍል በር ላይ ከሥራ አስኪያጁ ቤት የመጡ ሦስት የጠወለጉ ተክሎች ከነሸክላቸው ተደርድረው ይጠብቁኛል።