የማይዘጋው በርና የምድር ቤቱ በጀት

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 2018፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። የትንሣኤ በዓል ካለፈ ገና አንድ ሳምንቱ ነበር። እናቴ የተዋሰቻቸውን የዳቦ መጋገሪያዎች ልመልስ በዊኒፔግ ከተማ ሰሜናዊ ሰፈር ወዳለው የደብራችን አዳራሽ ስገባ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ኦሬስት ሆሎቭካ ሁለት እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው የአዳራሹን ረጅም የመጠጥ ባንኮኒ አቅፈው አገኘኋቸው።

«ሮክሶላና! እግዜር ነው የላከሽ! ያንን ጫፍ ያዢልኝና እንለካው!»

«እንደምን አደሩ፣ ጋሽ ኦሬስት። ለምን ይለካል?»

«ልገዛው ነዋ! አዳራሹ ሊታደስ ስለሆነ ይሸጡታል። በሠርጌ ቀን ብርጭቆዬን ያነሳሁት እዚህ ላይ ነው፤ እዚህች ጋ! አሁን ምድር ቤቴ አስገባዋለሁ። ሶሎሚያ ስታየው ትደነግጣለች!»

ሶሎሚያ የልጃቸው ልጅ ናት። በመጪው ሴፕቴምበር በከተማችን የነርስነት ትምህርት ትጀምራለች። የአያቶቿ ምድር ቤት እስከ ኦገስት መጨረሻ ለመኖሪያ ከበቃ ከእነርሱ ጋር ትኖራለች፤ ካልበቃ ግን ከተማው ማዶ፣ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ክፍል ትከራያለች። የጋሽ ኦሬስት ባለቤት እትዬ ስቴፋ ከዚህ ሌላ ወሬ ካቆሙ ወራት አልፈዋል።

«ስንት አሉት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ስድስት ሺህ ዶላር። በነፃ ማለት እኮ ነው!»

«ለምድር ቤቱ በጠቅላላ የያዙትስ?»

«ሃያ አራት ሺህ። ደግሞ አንቺ መርማሪ ሆነሽ ነው የመጣሽው?»

«የሶሎሚያ መኝታ ቤት መስኮትስ በስንት ይሠራል?»

«መስኮትማ አለ! ድመቷ የምትገባበት።»

«ድመቷ ትወጣበታለች፣ ጋሽ ኦሬስት። እሳት ቢነሳ ሶሎሚያ አትወጣበትም።»

ይህን ስል ባንኮኒውን ለቀቁት። ሽማግሌው ቁጡ ናቸው፤ ቂም ግን አያውቁም።

«እሺ! ዩኒቨርሲቲ የግንባታ ትምህርት አስተምሮሻል፤ እኔን ደግሞ አርባ ዓመት መዶሻ አስተምሮኛል። ባንኮኒውን እስከ ሰኞ ይይዙልኛል። አሁን ቤት እንሂድና ስቴፋ ፊት ተከራከሪኝ። ከረታሽኝ ምሳ፣ ካልረታሽኝም ምሳ!»

ቤታቸው ስንደርስ ከመታጠቢያ ቤቱ የእትዬ ስቴፋ ዘፈን ይሰማ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ዘፈን ያውቀዋል። የመታጠቢያ ቤቱ በር ከብዙ ዓመታት ወዲህ ስለማይገጥም፣ እትዬ ስቴፋ ሰው እንዳይገባባቸው ከውስጥ ሆነው ይዘፍናሉ። ጋሽ ኦሬስት በሩን ሁለት ጊዜ ለውጠውታል፣ ጠርዙንም ስንት ጊዜ ልገውታል። በሩ ግን አራት ጣት ያህል ሲቀረው መቃኑን ይነክስና ይቆማል።

ዘፈኑ ቆመና እትዬ ስቴፋ ፀጉራቸውን በፎጣ ጠቅልለው ወጡ። ነገሩን ስነግራቸው፣ «ቁጥር በጆሮዬ አይገባም። በሚበላ ነገር አሳዩኝ» አሉና ድንች የተሞላ የተቀቀለ ሊጥ፣ ትኩስ ቫሬኒኪ፣ በትልቅ ሳህን አቀረቡ። «ሃያ አራት ናቸው። እያንዳንዷ አንድ ሺህ ዶላር ትሁን። በል፣ አንተ ሰውዬ፣ አውጣው ገንዘብህን!»

ጋሽ ኦሬስት እጅጌያቸውን ሰብስበው ስድስቱን በሹካ ወደ ራሳቸው ጎተቱ። «ይሄ ባንኮኒው። ይሄ አምስቱ በእንጨት የተለበጠ ግድግዳ፣ እንደ ጓደኛዬ ዜኖን ቤት። አራቱ ምንጣፍ። አራቱ ጣሪያና መብራት። ሦስቱ ትልቅ ቴሌቪዥን…»

«ሁለት ቀረ» አልኩ። «መስኮቱን ለማስፋት ውጭውን መቆፈር፣ ግድግዳውን መቁረጥ አለ። በረዶው ሲቀልጥ የሚሰርገውን ውሃ የሚገፋ ፓምፕ አለ። የከተማው ፍሳሽ ወደ ቤት እንዳይመለስ የሚያግድ መዝጊያ አለ። ባለፈው ዓመት ከማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ምንጣፋቸውን በዚህ ሰሞን አልነበር አውጥተው የጣሉት?»

«እነሱ ደቦ ጠርተው አልሠሩትማ! እኔ ጉልበት አልገዛም። ዜኖን አለ፣ የደብሩ ወንዶች ሁሉ አሉ። ቅዳሜ መጥተው ይሠሩልኛል፤ ስቴፋ ቫሬኒኪ ትሠራለች፣ እኔ ቢራ አቀዘቅዛለሁ። ወንድሞቼን በዶላር ልመዝን ነው? ነውር እኮ ነው፣ ልጄ!»

እውነቱን ለመናገር ይህ ቃል ልቤን ነክቶታል። በእኛ ዘንድ ቤት ብቻውን የሠራ ሰው የለም። አያቶቻችን ባሕር ተሻግረው ወደዚህ በረዷማ ሜዳ ሲመጡ ያቆማቸው ደቦ ነው። በጀት የሚለው ቃል ለሽማግሌዎቻችን የወዳጅነት መለያያ ሆኖ ይሰማቸዋል፤ ስለዚህ በጀት ማለት ሰውን መጠራጠር እንዳልሆነ በትሕትና ማስረዳት የተማረ ሰው ግዴታ ነው።

«እኔ ደቦውን አልነቅፍም» አልኳቸው። «ነገር ግን ባለፈው ክረምት ለዜኖን ጋራዥ ስትጠሩ ምን ሆነ? ዐሥራ አንድ ሰው መጣ፤ እንጨት አልተገዛም፣ ሚስማር አልነበረም። እስከ ማታ ቢራ ጠጥታችሁ ተለያያችሁ።»

እትዬ ስቴፋ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ተሸክመው ነው ያመጡልኝ፣ ይሄንን መሐንዲስ!»

«አንቺ ዝም በይ! እንግዲያውስ ተነሱ፣ ምድር ቤት እንውረድ። ደቦ የሠራውን ግድግዳ ላሳያችሁ!»

ወረድን። የኮምጣጤ ኪያር ማሰሮዎች የተደረደሩበትን ጓዳ የሚለየው ግድግዳ በእርግጥም የሚያኮራ ነበር። ጋሽ ኦሬስት በጡጫ ደበደቡት። «የወጣትነታችን ሥራ! ንቅንቅ አይልም! ወጪው አንድ ሣጥን ቢራ!»

ጎንበስ ብዬ ሥሩን አየሁት፤ ቀና ብዬ ጫፉን አየሁት። ወለሉን ረግጦ ቆሞ የላይኛውን ወለል የሚሸከሙትን አግዳሚዎች ተጠግቷል፤ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ የለውም። በአእምሮዬ የላይኛውን ቤት ክፍሎች ደረደርኩ።

«ጋሽ ኦሬስት፣ ከዚህ ግድግዳ በላይ ያለው የትኛው ክፍል ነው?»

«መታጠቢያ ቤቱ ነዋ!»

«በሩ መዘጋት ያቆመው ግድግዳው ከተሠራ በኋላ ነው ወይስ በፊት?»

መልሱ ከእትዬ ስቴፋ መጣ፤ እንደ ጥያቄ ቀስ ብሎ። «ግድግዳው በመከር ነው የተሠራው… በሩ በሚቀጥለው ፀደይ… ኦሬስት?»

«መሬታችን መረሬ ነው» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ማለቱ አልታወቀኝም። «ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ የምድር ቤቱን ወለል ወደ ላይ ይገፋል። ወለሉ ግድግዳውን፣ ግድግዳው አግዳሚውን፣ አግዳሚው የበሩን መቃን! በዚህ ከተማ የምድር ቤት ግድግዳ ከታች ሦስት ጣት ክፍተት ሊተውለት ይገባል። ወለሉ ሲነሳ ያንን ክፍተት ይሞላል እንጂ ቤቱን አያነሳም።»

«ተረት!» አሉ ጋሽ ኦሬስት። መጋዝ ግን አነሱ።

ከግድግዳው ቋሚ እንጨቶች አንዱን ከሥሩ መቁረጥ ጀመሩ። ግማሽ ሲደርሱ እንጨቱ መጋዙን ነክሶ ያዘው። ቢስቡት አልወጣም፤ ቢገፉት አልገባም። ላባቸውን ጠርገው ሌላ መጋዝ አመጡና ቋሚዎቹን በየተራ ቆረጡ። የመጨረሻው ቋሚ ሲቆረጥ ከበላያችን «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቤቱ ትልቅ ትንፋሽ ያወጣ መሰለኝ። እትዬ ስቴፋ በዕድሜያቸው ባላሰብኩት ፍጥነት ደረጃውን ወጡ።

«ኦሬስት! ኦሬስት! ሁለት ጣት ቀረው! ግማሹን መንገድ መጣ!»

ጋሽ ኦሬስት መጋዙን መሬት አስቀመጡ። «እና እኔ» አሉ፣ «በሩን ነበር የምልገው።»

ወደ ማዕዱ ስንመለስ ቫሬኒኪው ቀዝቅዟል፤ የእኛ ደም ግን ሞቋል። ጋሽ ኦሬስት ሃያ አራቱንም ወደ መሃል መልሰው ሹካውን ሰጡኝ። «አንቺ አካፍዪ።»

«በቅድሚያ የማይታየው» አልኩ። «አምስቱ ለሶሎሚያ መስኮት። አምስቱ ለውሃው፤ ለፓምፑና ለመዝጊያው። አራቱ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛና ለግንባታ ፈቃድ። ስድስቱ ለእንጨት፣ ለጂፕሰምና ለወለል። ደቦው የሚመጣው ዕቃው ተገዝቶ ሲያልቅ ነው፤ ያኔ ወንድሞችዎ ሚስማር ፍለጋ አይንከራተቱም፣ ጉልበታቸውም አይባክንም። ይህ እነርሱን ማክበር ነው።»

«እነዚህ አራቱስ?»

«መጠባበቂያ። ከመሬት በታች ምን እንዳለ ማንም አያውቅም።»

«ባንኮኒውስ?» አሉ በቀጭን ድምፅ።

እትዬ ስቴፋ፣ «የሠርግህን ብርጭቆ ያነሳኸው ከእኔ ጋር ነው፤ እኔ ደግሞ እዚሁ አለሁ» አሏቸው።

ሽማግሌው በሐሳብ ተውጠው ከአራቱ አንዱን ቫሬኒኪ ጎረሱ።

«መጠባበቂያውን በላኸው!» ጮኹ እትዬ ስቴፋ።

«ኧረ የታባቱ!» አሉ ጋሽ ኦሬስት አፋቸው ሞልቶ። «ይኸው ነው እንግዲህ የኔ ችግር!» ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ሰኞ ባንኮኒውን ለዜኖን ለቀቁለት። በጁን ለመስኮቱ ሲቆፈር ከግድግዳው ሥር የተሰበረ የቆየ የውሃ መውረጃ ቱቦ ተገኘ። የቀድሞው ጋሽ ኦሬስት ቢሆኑ ብድር ፍለጋ በየቤቱ በዞሩ፣ ሥራውም በቆመ ነበር፤ አሁን ግን «መጠባበቂያዬ!» እያሉ እየፎከሩ ከፈሉ። በጁላይ ሁለት ቅዳሜዎች የደብሩ ወንዶች መጡ። እንጨቱ ተቆርጦ፣ ሚስማሩ በየጣሳው ተለይቶ ጠበቃቸው። ጋሽ ኦሬስትም በየግድግዳው ሥር ሦስት ጣታቸውን እያስገቡ፣ «ዜኖን! እዚህ ጋ ጣቴ አልገባም፣ አፍርሰው!» ይሉ ነበር። ዜኖን ባንኮኒውን ለቤቱ ሲያሳጥር የተረፈውን ጣውላ አመጣላቸው፤ የሶሎሚያ መስኮት ደፍ ሆነ። ብርጭቆ የተነሳበት ቦታ ይሁን አይሁን ማንም አልጠየቀም።

ዛሬ ያ ምድር ቤት ደረቅ ነው፤ ዕዳ የለበትም፤ ሴት ልጅ በሰላም ትተኛበታለች፣ ከመስኮቷም ሰማይ ታያለች። ገንዘብን አስቀድሞ በየቦታው መደልደል ወዳጅነትን እንደማያቀዘቅዝ የደብራችን ሰዎች በዓይናቸው አይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ቤተሰቦች ምድር ቤታቸውን በዚሁ መንገድ ጀምረዋል። ጋሽ ኦሬስትም አማካሪያቸው ናቸው፤ ሳህን ሙሉ ቫሬኒኪ ካልቀረበ ግን ምክር አይጀምሩም።

ሶሎሚያ ሻንጣዋን ይዛ የገባችው በኦገስት የመጨረሻ ቅዳሜ ነው። የላይኛው ወለል በበጋው ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር፤ ጋሽ ኦሬስት በዚያ ጠዋት በሩን ለመጨረሻ ጊዜ ልገው መቀርቀሪያ ገጠሙለት። ማዕዱ ሲቀርብ እትዬ ስቴፋ ፎጣቸውን አንስተው ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገቡ። በሩ ተዘጋ። መቀርቀሪያው «ቀጭ» አለ። ሁላችንም ሹካችንን ይዘን ጆሯችንን አቆምን።

ከውስጥ ውሃ ሲወርድ ይሰማ ነበር፤ ዘፈን ግን የለም።

ጋሽ ኦሬስት ከወንበራቸው ተነሡ፤ በሩ አጠገብ ቆመው ሥራ ያሻከረውን መዳፋቸውን አሳረፉበት።

«ስቴፋ» አሉ ቀስ ብለው። «ስቴፋዬ፣ እባክሽ… ትንሽ ዝፈኚልን።»

ውሃው መውረዱን ቀጠለ።